የሌምፒ ጎጆ እንጉርጉሮ

ሌምፒ ካንጋስ ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው በጥር አጋማሽ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ለእራት ድንች እየላጠች ሳለ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ አልነበረም። አንድ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ በሆዱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። እምምም ብሎ ይቆይና ትንሽ ያርፋል፤ ደግሞ ይቀጥላል። ቢላዋዋን አስቀምጣ ጆሮዋን አቆመች። ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ይንጣጣል፤ ውጭ ነፋስ የሚባል የለም፤ ሐይቁ በበረዶ ተከድኖ ዝም ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁም ዝም አለ። ሌምፒ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ባሏ አርቮ ሥራ ሲይዝ የሚያንጎራጉር ሰው ነበር። እንጨት ሲጠርብም፣ መረብ ሲጠግንም፣ ዓሣ ሲበልትም ዜማው የማይታወቅ አንድ ነገር በሆዱ ይዞ ይውላል። «ምንድን ነው እሱ ዘፈን?» ስትለው «የቱ ዘፈን?» ይላታል፤ ማንጎራጎሩን ራሱ አያውቀውም። አርቮ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ የበርች ዛፎች ቅጠል ሲረግፍ፣ ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ ሞተ። እንግዲህ ድምፁን ስትሰማ መጀመሪያ ማን ትዝ እንዳላት መናገር አያስፈልግም። ለሰው ግን አልተናገረችውም።

ሌምፒ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አልነበረችም። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች፤ በሰሜን ሚኒሶታ መንገድ፣ መስታወቱ በውስጥም በውጭም በረዶ እየጋገረ፣ ከኋላዋ አርባ ሕፃን እየተንጫጫ። አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ፣ «ቁጭ በሉ፤ ዛሬ ሒሳብ ቀረላችሁ» ብላ ልጆቹን ያሳቀች ናት። ጡረታ ስትወጣ ከአርቮ ጋር ከተማውን ትተው፣ የመብራት ምሰሶም የመኪና መንገድም ከሚያበቃበት አልፈው፣ ሐይቁ ዳር የእንጨት ጎጆ ሠሩ። ከእነሱ ወዲያ እስከ ካናዳ ድረስ ጫካና ውሃ እንጂ ጢስ የሚታይበት ቤት የለም። መብራታቸው ከፀሐይ ነው። ከጎጆው ፊት ለፊት በቆመ ምሰሶ ላይ የሶላር ፓኔሎች አሉ፤ ሽቦው በወለሉ ሥር ያልፍና ጓዳ ውስጥ ከተደረደሩት ባትሪዎች ይደርሳል። ፀሐይ በቸረችው ቀን ሬዲዮ ይሰማል፣ መብራት ይበራል። በነፈገችው ቀን በምድጃው ብርሃን ይታደራል። ሌምፒ ጠዋት ጠዋት በረጅም መጥረጊያ በረዶውን ከፓኔሎቹ ላይ ትጠርጋለች፤ ከዚያ የሐይቁን በረዶ በስታ ውሃ ትቀዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቷን፣ ታነዳለች። ይህ ኑሮ ተመችቷት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ልጇ ካይሳ ወደ ዱሉዝ ከተማ ይዛት ሄዳ ነበር። ካይሳ እዚያ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እናቷን ለሁልጊዜ ልታስቀራት አስባ ነበር። ሌምፒ ግን ሐይቁ ረግቶ በረዶው ሰው መሸከም እንደቻለ ተመለሰች። «ቤት ባዶውን አይከርምም» አለች። ካይሳም አኩርፋ አደረሰቻት።

ድምፁ በማግስቱም መጣ፣ በሦስተኛውም ቀን። አንዳንዴ ጧት ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አመሻሹ ላይ፣ ቤቱ ሲሞቅ ነው። ሌምፒ ምክንያት ፈለገችለት። ጓዳ ውስጥ የፀሐዩን ኃይል ለቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር አለ፤ እሱም ሲሠራ ትንሽ ይጮሃል። ተበላሽቶ ይሆናል አለች። መበላሸቱን ከልቧ ተመኘች።

ስልክ የሚይዘው ሐይቁ መሐል ላይ ብቻ ነው። ኮቷን ደርባ፣ በረዶው ላይ ወጥታ፣ ለደልበርት ደወለች። ደልበርት ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከኦጂብዌ ነው፤ የመብራቱ መስመር የሚያበቃው እሱ ቤት ላይ ነው። ሶላሩንም ከአርቮ ጋር የተከለው እሱ ነበር። በማግስቱ በበረዶ ላይ በምትንሸራተት ሞተሩ እየተንደረደረ መጣ፤ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ ነገር ጀመራት።

«አሁን ደግሞ ምን አበላሸሽ?»

«እኔ ምን አበላሻለሁ? ያንተ ዕቃ ነው የሚጮኸው።»

«ዕቃ የሚጮኸው እንደ ባለቤቱ ነው» አለና ጓዳ ገባ።

ኢንቨርተሩን ፈታ፣ ነካካ፣ ለካ፣ ገጠመ። ሌምፒ ራሱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ልክ ያን ጊዜ ድምፁ ተነሣ፤ ለስላሳ ነው፤ ከእግሯ ሥር ወይም ከግድግዳው ወይም ከየትም ይመጣል። ሌምፒ ጣቷን ቀሰረች።

«ይኸው» አለች።

«ምኑ?»

«አይሰማህም?»

ደልበርት ወጣትነቱን ያሳለፈው የሞተር መጋዝ ይዞ ጫካ ውስጥ ነው፤ ጆሮው እንደሚደክም አገር ያውቃል። እሱ ግን ማመን አይወድም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ሣጥን ካንቺም ከእኔም የበለጠ ጤነኛ ነው፤ ሌምፒ። ምናልባት ብቻሽን መሆኑ ነው። እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ በር የተንኳኳ ይመስለኝ ነበር።»

እሱ ለማጽናናት ያለው ነገር እሷን ወጋት። ፈገግ አለች፤ የጋገረችውን ጣፋጭ ዳቦ ጠቅልላ ሰጥታ ሸኘችው።

ከሄደ በኋላ ጓዳ ገባችና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው። የኢንቨርተሩ አረንጓዴ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው ጠፋ። በዚያ ቤት ውስጥ ሞተርም ሽቦም ሊያሰማው የሚችለው ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ሌምፒ ጨለም ባለው ጓዳ ውስጥ እጇን ማጥፊያው ላይ እንዳኖረች ቆመች።

እምምም።

ክው አለች። ባትሪዎቹ በተቀመጡበት ሣጥን ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ድምፁ አልተወም፤ እንዲያውም ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ጎልቶ ወጣ። ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያርፋል። ደስ ያለው ሰው እንጉርጉሮ ነው።

«አርቮ?» አለች።

የገዛ ድምፅዋ ከእንጉርጉሮው የበለጠ አስደነገጣት። ምክንያቱም ያን ቃና ታውቀዋለች። እናቷ ሒልማ በዚያ ቃና ነበር ግድግዳውን የምታናግረው።

ሒልማን ሰባ ሳይሞላት ነው የመርሳት በሽታው የጀመራት። መጀመሪያ «ግድግዳው ውስጥ መዘምራን አሉ» አለች፤ ቤተሰቡ ሳቀ። ከዚያ ለመዘምራኑ ሾርባ ማስቀመጥ ጀመረች። ከዚያ የልጆቿ ስም ጠፋባት። በመጨረሻው ዓመት ሌምፒን «አንቺ ሴትዮ ቤትሽ ሂጂ፤ እናትሽ ትፈልግሻለች» ትላት ነበር። ካይሳ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከአያቷ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምትተኛው። ሁሉንም አይታለች።

ሌምፒ አሁን ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ማጥፊያውን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ራሷን መሰለል ያዘች። በአውቶቡሷ ታመላልሳቸው የነበሩትን ልጆች ስም በቅደም ተከተል ትጠራለች። ምድጃው ላይ የጣደችውን ጮክ ብላ ትናገራለች። ቁልፍ የት እንዳኖረች ስትረሳ ላብ ያጠምቃታል። ድምፁ ሲመጣ ሬዲዮውን ታስጮኸዋለች፤ ፀሐይ ባልወጣችበት ሳምንት ግን ባትሪው እንዳይሞት ሬዲዮውን መዝጋት አለባት፤ ያን ጊዜ ትራስ በጆሮዋ ላይ ትጭናለች።

በየካቲት ካይሳ ልትጠይቃት መጣች። ደልበርት በበረዶ ሞተሩ ከመንገዱ ጫፍ አምጥቶ አራገፋትና ሄደ። እናትና ልጅ መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ካይሳ ሥራ አወሩ። ሌምፒ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ነበር። ገበታ ቀርበው ሁለት ሦስት ማንኪያ እንደጠጡ ተነሣ።

እምምም።

ሌምፒ ቀና ብላ የልጇን ፊት አየች። ያንን ፊት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ስታነበው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ምንም አልተጻፈበትም። የካይሳ ማንኪያ ሳህኑና አፏ መካከል ቆሟል።

«ካይሳ። ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ይሄ ድምፅ። ሰው የሚያንጎራጉር የሚመስለው።»

ካይሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምንም አይሰማኝም፣ እማ» አለች። ከዚያ ተነሣችና ኮቷን ለበሰች፤ እንጨት ላምጣ ብላ ወጣች። የእንጨት ሣጥኑ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ሌምፒ ብቻዋን ከሾርባው ጋር ቀረች። ድምፁን እየሰማች ነው፤ ልጇ አልሰማችም፤ እንግዲህ ነገሩ አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚጣራ ነገር የለም። እንደ ፍርድ ሰሚ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ካይሳ እንጨት ሳትይዝ ተመልሳ ስትገባ፣ «እሺ» አለቻት። «እወርዳለሁ። ዱሉዝ እገባለሁ። ሐኪም ዘንድም ውሰጂኝ።»

ካይሳ ይሄን ለመስማት ወራት ለምና ነበር። አሁን ግን ደስ አላላትም፤ ፊቷ እንደ ጨርቅ ነጥቶ፣ «ጥሩ፣ እማ። ጥሩ ነው» ብቻ አለች። በማግስቱ ክፍሉን ላዘጋጅ ብላ ቀድማ ወረደች።

ጎጆውን ለመዝጋት ደልበርት በሳምንቱ መጨረሻ መጣ። ሌምፒ ልብሷን ሻንጣ ከታለች፣ ድስቶቿን ገልብጣለች፣ የአርቮን ቢላዋዎች በጨርቅ ጠቅልላለች። ደልበርት ቀልድ ሞከረ።

«ዱሉዝ ስትገቢ አስፋልት ላይ መጥረጊያ ይዘሽ እንዳትወጪ። ፖሊስ ይይዝሻል።»

«ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

«እሺ እመቤት። መጀመሪያ ሽቦውን ከሥር መፍታት አለብኝ። ሰው በሌለበት ባትሪው ላይ እንደተገጠመ አልተወውም።»

ሽቦው የሚፈታው በወለሉ ሥር ነው። እዚያ ለመድረስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ በቀለበት የሚከፈት የጣውላ ክዳን አለ። ክዳኑን አርቮ ከሠራው በኋላ የከፈተው የለም ማለት ይቻላል። ደልበርት ምንጣፉን ጠቀለለና ቀለበቱን ያዘ፤ ጣውላው አብጦ እምቢ አለው። ሌምፒ ከወዲያ በኩል ቀለበቱን አብራ ያዘች። ሁለቱም ሲስቡ ክዳኑ ተነቅሎ ተነሣ።

ሞቅ ያለ አየር ፊቷን መታት። ከወለል ሥር በየካቲት የሚመጣው አየር ምላስ የሚያደርቅ ብርድ ነው፤ ይሄ ግን እንደ በረት ሞቃት ነበር፤ እርጥብ ፀጉርና ወተት ይሸታል። ሌምፒ ጎንበስ ብላ አየች። ከአንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ሁለት ዓይኖች ቀና ብለው አዩአት።

ድብ ናት። ጥቁር፣ ትልቅ፣ በጎኗ የተኛች፤ ራሷ የአንድ ልጅ ደረት ያህላል። ሌምፒ መጮህ አልቻለችም። ቀለበቱን እንደያዘች ድንጋይ ሆነች። ድቧም አልተነሣችም። በአፍንጫዋ አንድ ጊዜ ፉፍ አለች፤ ጥርሷን አንቀጫቀጨች። ከዚያ በሆዷ ፀጉር ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጫማ የሚያክል ጥቁር ነገር፤ ሌላም ከጎኑ፤ ሌላም። ሦስቱም ፊታቸውን ጡቷ ውስጥ ቀብረው ነበር። ከእነሱ ነበር የሚመጣው።

እምምም።

«ሌምፒ» አለ ደልበርት፣ በሹክሹክታ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀስ ብለሽ። በጣም ቀስ ብለሽ እንመልሰው።»

መለሱት። ክዳኑ ቦታው ሲገባ ቀጭ አለ፤ ሁለቱም በዚያች ትንሽ ድምፅ ዘለሉ። የእንጨት ሣጥኑን ጎትተው ላዩ ላይ ጫኑት፣ የዱቄት በርሜሉን ጨመሩበት። ከዚያ ሌምፒ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሷም የማታውቀው ነገር ከደረቷ እየተነጠቀ ይወጣ ጀመር፤ ድቧን እንዳትቀሰቅስ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።

«ማክዋ» አለ ደልበርት በቋንቋው፣ አጠገቧ ተቀምጦ። «ድብ። ግልገል ሲጠባ እንደዚያ ያደርጋል። አያቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ በጆሮዬ ግን ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«አንተ በጆሮህ ምን ሰምተህ ታውቃለህ?»

ደልበርት አቀረቀረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አልሰማሁትም ነበር። የዚያን ቀን እውነቴን ነው፣ አልሰማሁትም።»

ድቧ እንዴት እንደገባች ለማወቅ አልዘገዩም። ሌምፒ ዱሉዝ በነበረችበት ጊዜ ነው፤ ከቤቱ በስተኋላ፣ እንጨት በሚከመርበት በኩል፣ የመሠረቱን ጣውላ ገንጥላ ገብታለች፤ ከዚያ በረዶ ሸፍኖታል። ሌምፒ በየቀኑ በላይዋ ላይ ስትራመድ፣ ስታበስል፣ ከራሷ ጋር ስታወራ ከርማለች፤ ያችኛዋም በሥሯ አምጣለች፣ ወልዳለች፣ አጥብታለች።

ደልበርት ክዳኑ ተከፍቶ በነበረበት አፍታ አንድ ሌላ ነገር አይቶ ነበር። ድቧ ከባትሪው የሚሄደውን ሽቦ ከነመሸፈኛው ጎትታ ከአልጋዋ ጋር ቀላቅላዋለች፤ ተኝታበታለች። መሸፈኛው ተልጦ ከሆነ ቤቱም እነሱም ይነዳሉ። ከአሁን በኋላ ደግሞ ከሥር ሊፈታ አይችልም። ደልበርት ወጥቶ ሽቦውን ከፓኔሎቹ ምሰሶ ላይ ነቀለው፤ ጓዳ ገብቶም ከባትሪው በኩል ቆረጠው። የጎጆው መብራት አለቀ።

ሁለቱም ሐይቁ መሐል ሄደው ወደ ዱር አራዊት ጥበቃ ሰዎች ደወሉ። የመለሰላቸው ሰውዬ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ኋላ እንዲህ አላቸው፦ እናቲቱ ከተረበሸች ጥላቸው ልትሄድ ትችላለች፣ ግልገሎቹም በዚህ ብርድ አንድ ሌሊት አያድሩም፤ ከቻላችሁ እስከ ሚያዝያ ተዉአቸው፤ ቤቱ ውስጥ መኖር ግን የናንተ ውሳኔ ነው።

«እንግዲህ ሻንጣሽ ተዘጋጅቷል» አለ ደልበርት።

«አልሄድም።»

«መብራት የለሽም። ከሥርሽ ድብ አለች። አብደሻል?»

ሌምፒ በረዶው ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ያቺ ቃል ከአንድ ሰዓት በፊት ብትሰነዘር ትገድላት ነበር።

«አላበድኩም» አለች። «ለካ አላበድኩም።»

ከዚያ ለካይሳ ደወለች። ደልበርት ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ሌምፒ ቃላቱ እየተጋፉባት ነገረቻት፤ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ዓይኖቹ፣ ስለ ሦስቱ ግልገሎች፣ ስለ እንጉርጉሮው። ስትጨርስ ከወዲያ ምንም አልተሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት፣ «ካይሳ?» አለች።

«አለሁ።»

«ሰማሽኝ? ድምፁ እውነት ነው። ራሴ ደህና ነው።»

«እማ» አለች ካይሳ። ድምፅዋ ተሰባብሯል። «እኔም ሰምቼው ነበር።»

ሌምፒ አልገባትም። «ምኑን?»

«ሾርባውን ስንጠጣ። ካንቺ ቀድሜ ነው የሰማሁት። ግን ሰው አለመሆኑን፣ ሬዲዮ አለመሆኑን ሳይ… አያቴ ትዝ አለችኝ። ከጎኔ ተኝታ መዘምራኑን ስታዳምጥ። ወደኔም መጣ አልኩ። እንኳን ላንቺ፣ ለራሴም አልሰማሁም አልኩት።»

ለሁለተኛ ጊዜ በአንድ ቀን ሌምፒ ደርቃ ቀረች። ድቧን ስታይ የደነገጠችው ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ያቺ ከወለሏ ሥር ነበረች፤ ይቺኛዋ ግን ከገዛ ማዕዷ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እያየ ነው የካደቻት። ስልኩን ዘጋችው። ምንም ሳትናገር ዘጋችው። ደልበርትን አልፋ፣ በረዶው ጉልበቷ ድረስ እየዋጣት፣ ወደ ጎጆው ሄደች።

ንዴቱ ብዙ ቀን አልለቀቃትም። በኩራዝ ብርሃን ተቀምጣ ያቺን እራት መልሳ መላልሳ ታያታለች። አንዲት «አዎ» ብትላት ኖሮ። አንዲት ቃል። እናቷ ራሷን ቀብራ ስትቀመጥ እያየች እንዴት ኮቷን ለብሳ ወጣች? ከሥሯ ግልገሎቹ ያንጎራጉራሉ፤ አሁን ድምፃቸው ጠንክሯል፤ አንዳንዴም ይጣላሉ፣ ያን ጊዜ እናትየው ታጉረመርማለች፣ ሌምፒም እግሯን ከወለሉ ላይ ታነሣለች። ፍርሃቱ አልቀረላትም። ምጣድ ከእጇ ቢወድቅ ባለችበት ቆማ ታዳምጣለች። ሳውና መግባት ትታለች፤ በሩ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ ነው።

አንድ ቀን ካልሲ እየጠገነች፣ ካይሳ ያኔ ስንት ዓመቷ እንደነበር አሰበች። አሥር። አሥር ዓመት ከምናምን። አያቷ ሌሊት ተነሥታ ፀጉሯን እየጎነጎነች በማታውቀው ስም ስትጠራት፣ ልጅቷ አንድም ቀን አልቅሳ አልመጣችም። ሌምፒም ጠይቃት አታውቅም፤ ጠዋት አውቶቡስ ነበረባት። አርቮ «ልጅቷን ወደኛ ክፍል እናምጣት» ሲል፣ «እናቴ ብቻዋን ትፈራለች» ያለችው እሷ ናት። ካልሲውን አስቀምጣ ሐይቁ መሐል ወጣች።

«ነይ» አለቻት ለካይሳ። «ነይና አብረን እንስማው።»

ካይሳ በመጋቢት መጀመሪያ መጣች። በሩ ላይ ቆመው ተያዩ። ሌምፒ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ጠራቻት፤ ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ አንጥፋ ጎን ለጎን ተኙ፤ ጆሯቸውን ጣውላው ላይ አሳረፉ። መጀመሪያ የእናቲቱ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ አንደኛው ጀመረ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ካይሳ ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በአፍንጫዋ ድልድይ ላይ ተሻግሮ ጣውላው ላይ ወረደ።

«አሁንም እፈራለሁ» አለች። «የዛሬው ድብ ሆነ። የነገው ባይሆንስ?»

«እኔም እፈራለሁ።»

«የዚያን ቀን ትቼሽ ወጣሁ።»

«አዎ፤ ትተሽኝ ወጣሽ» አለች ሌምፒ። ቃሉን ልታለሳልሰው አልፈለገችም። «እኔም ከሒልማ ጋር ትቼሽ እሄድ ነበር። ያኔ አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ የእኔ ይብሳል።»

ካይሳ ዓይኗን ገልጣ እናቷን በድንጋጤ አየቻት። ስለዚያ ክፍል እናቷ አፏን ስትከፍት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ካይሳ ስለ አያቷ ማውራት ጀመረች፤ የማታ የማታውን፣ ፀጉሯን፣ መዘምራኑን፣ ሾርባውን ማን ይጠጣው እንደነበር ሳይቀር። ሾርባውን የምትጠጣው እሷ ነበረች፤ አያቷ ጠዋት ባዶ ሳህን አይታ ደስ እንዲላት። ሌምፒ ይህን አታውቅም ነበር። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሡም።

ሚያዝያ ሲገባ በረዶው ከጣራው እየተናደ መውረድ ጀመረ። አንድ ቀትር ላይ ሌምፒ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ከቤቱ ኋላ ጣውላ ሲንኳኳ ሰማች። ድቧ ከእንጨት ክምሩ ሥር ወጣች። ተጋድማ ሳለች ያየችው ያ ራስ አሁን ከነሙሉ አካሉ ነው፤ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ሆኖም የቤቱን ጥግ ሞልታዋለች። ሦስቱ ግልገሎች ተከትለው ተንከባለሉ። ብርሃኑን አይተው እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገዱ። ሌምፒ ይህን ቀን ስታስብ ደስ የሚላት ይመስላት ነበር። ሲመጣ ግን ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚህ ሁሉ ሥጋና ጥፍር በሁለት ጣት ጣውላ ብቻ ተለይታ ስትተኛ መክረሟ የገባት ገና ያኔ ነው። ድቧ ወደ መስኮቱ አንድ ጊዜ ዞር አለች፤ ከዚያ ግልገሎቿን ይዛ በጥድ ዛፎቹ መሐል ገባች። ሌምፒ በሩን ከፍታ ለመውጣት የደፈረችው በማግስቱ ነው።

ደልበርት መጥቶ ከወለሉ ሥር ገባ። የተበጣጠሰውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ ዘረጋ፤ ከኋላ የተገነጠለውን በወፍራም ጣውላ ደፈነ፤ በላዩም የብረት ወንፊት መምታት ያዘ። «ከፈለግሽ በር አበጅላታለሁ፤ ደወልም ያለው» አላት።

«ምታው» አለች ሌምፒ። «ምስማር አትቆጥብ።»

በዚያው በጋ እናትና ልጅ ዱሉዝ አንድ ላይ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሌምፒን ሐኪሙ ብዙ ጠየቃት፤ ሥዕል አስሳላት፣ ቃላት አስጠናት፤ በመጨረሻም ለዕድሜዋ ደህና ናት አላት። ለካይሳ ደግሞ የአያቷ በሽታ በዘር ይኑርባት አይኑርባት በደም የሚታይበት ምርመራ እንዳለ ተነገራት። ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ከተተችው። መኪናው ውስጥ ገብተው ሌምፒ፣ «ታደርጊዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አላውቅም» አለች ካይሳ። «ዛሬ አይደለም።»

ሌምፒ አልጨቀጨቀቻትም። ካይሳ ሞተሩን አስነሥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎጆው አቀናች።